ክላረንስ ኬሊ ጆንሰን (1910–1990)፦ የአውሮፕላን ነዳፊው ሕይወት ከማስነሻ ጋሪው አንጻር ሲታይ

መግቢያ

ኤስአር-71 የተባለው የአሜሪካ አየር ኃይል የስለላ አውሮፕላን ጁላይ 28 ቀን 1976 በሰዓት ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ በመብረር የዓለም የፍጥነት ክብረ ወሰን አስመዘገበ። ይህ አውሮፕላን ግን መሬት ላይ ቆሞ ሳለ የገዛ ሞተሮቹን ማስነሳት አይችልም ነበር። ለበረራ ሲዘጋጅ ሁለት ባለ ስምንት ሲሊንደር የቢዊክ መኪና ሞተሮች የተጫኑበት ጋሪ ከሥሩ ይጠጋል፤ የጄት ሞተሩም ነፍስ የሚዘራው በእነዚህ የመኪና ሞተሮች ጉልበት ሲሽከረከር ነው። በዘመኑ እጅግ ረቂቅ የተባለው የበረራ መሣሪያ ሥራውን የሚጀምረው፣ ቤተሰብ ጭኖ ወደ ገበያ በሚወስድ የመኪና ሞተር ነበር።

የአውሮፕላኑ ዋና ነዳፊ ክላረንስ ሊዮናርድ ጆንሰን፣ በተለምዶ ኬሊ ጆንሰን የሚባለው መሐንዲስ፣ ሕይወቱ በብዙ ጽሑፎች ተተርኳል። ትረካዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በፍጥነቱ፣ በከፍታውና በምስጢሩ ላይ ያተኩራሉ። ይህ አጭር ጽሑፍ ግን የመሐንዲሱን ሕይወት ከማስነሻ ጋሪው አቅጣጫ ለመመልከት ይሞክራል። ዓላማው ጋሪውን ጆንሰን በእጁ ነደፈው ለማለት አይደለም፤ አውሮፕላኑም ሆነ በዙሪያው ያለው መሣሪያ የብዙ ሰዎች ሥራ ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ ነዳፊ አንድን መሣሪያ ሲያቀልል ሸክሙ ከዓለም አይጠፋም፤ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል። የጆንሰን ታላቅ ችሎታም ሆነ የሥራው ውሱንነት፣ ሸክሙ የት እንዲያርፍ በወሰነበት ውሳኔ ውስጥ ይታያል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ከኢሽፐሚንግ እስከ ፍሊንት

ጆንሰን ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1910 በሚሺጋን ግዛት ኢሽፐሚንግ በተባለች የብረት ማዕድን ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ከስዊድን የፈለሱ ድሆች ሲሆኑ፣ እሱ ከዘጠኝ ልጆቻቸው ሰባተኛው ነበር። አባቱ በግንባታ ሥራ ይተዳደር ነበር፤ እናቱም የሰው ልብስ እያጠበች ቤቱን ትደጉም ነበር። ልጁ በቤተሰቡ ድህነት ያፍር ነበር፤ አንድ ቀን ስመ ጥር ሆኖ ወደዚያች ከተማ እንደሚመለስም ለራሱ ቃል ገብቶ ነበር። ነፃ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በአካባቢው መኖሩ ጠቀመው፤ ስለ አውሮፕላን የሚያወሩ የልጆች መጻሕፍትን እያነበበ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ የራሱን ንድፍ መሥራት ጀመረ። ኬሊ የሚለው ስም የወጣለትም በዚያው በልጅነቱ ነው። በስሙ ምክንያት እንደ ሴት ልጅ እየጠራ ያሾፈበትን አንድ ልጅ ጠልፎ ጥሎ እግሩን ከሰበረው በኋላ፣ ጓደኞቹ ለጠበኛ ይስማማል ያሉትን የአይርላንዳውያን ስም ሰጡት፤ ስሙም እስከ ዕለተ ሞቱ አብሮት ኖረ።

ቤተሰቡ በኋላ ወደ ፍሊንት ከተማ ተዛወረ። ፍሊንት የቢዊክ መኪና መዲና ነበረች፤ ጄኔራል ሞተርስ የተባለው ኩባንያም በ1908 የተመሠረተው በዚያው ነው። ጆንሰን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በ1928 በፍሊንት ጨርሶ በከተማዋ የጁኒየር ኮሌጅ ትምህርቱን ቀጠለ። ከሦስት አሥርት ዓመታት በኋላ የእሱን አውሮፕላን የሚያስነሱት ሞተሮች በዚህችው ከተማ የተወለደው ኩባንያ ሥራ መሆናቸው ግጥጥሞሽ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ትርጉም ሊሰጠው አይገባም። ነገር ግን ልጁ ያደገበትን ዓለም ያሳያል። በዚያ ዓለም ሞተር የምስጢር ዕቃ አልነበረም፤ በብዛት የሚመረት፣ የሚፈታና የሚጠገን፣ ጎረቤቱ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነበር።

ጆንሰን በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የአውሮፕላን ምሕንድስና ተምሮ በ1932 የመጀመሪያ ዲግሪውን፣ በ1933 ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪውን አገኘ። በተማሪነቱ ዘመን የዩኒቨርሲቲውን የነፋስ ዋሻ ትርፍ ሰዓት ከጓደኛው ጋር እየተከራየ ለመኪና ሠሪዎች ሙከራ ያደርግ ነበር። ከደንበኞቹ አንዱ ስቱድቤከር ሲሆን፣ ከተፈተኑት ሞዴሎች መካከል ፒርስ ሲልቨር አሮው የተባለው መኪና ይገኝበታል። ስለዚህ ወጣቱ መሐንዲስ ስለ አየር መከላከል ካገኘው የመጀመሪያ ልምድና ገቢ ከፊሉ የመጣው ከመኪና ነው። የመኪናና የአውሮፕላን ዕውቀት ለእሱ የተለያዩ ሁለት ክፍሎች አልነበሩም።

በርባንክና የቁጠባ ትምህርት

ሎክሂድ በ1932 ከኪሳራ ወጥቶ በ40,000 ዶላር የተሸጠ ትንሽ ኩባንያ ነበር። ጆንሰን በ1933 በወር 83 ዶላር እየተከፈለው በካሊፎርኒያ በርባንክ በሚገኘው ፋብሪካ በመሣሪያ ነዳፊነት ተቀጠረ። ገና እንደገባ፣ ኩባንያው ተስፋ የጣለበት ኤሌክትራ የተባለ አውሮፕላን አቅጣጫውን አጽንቶ የመብረር ችግር እንዳለበት ለአለቆቹ ነገራቸው። ሞዴሉ ቀደም ሲል በዚያው በሚሺጋን የነፋስ ዋሻ ተፈትኖ ከእሱ መምህራን ዘንድ የይሁንታ ቃል ተሰጥቶት ስለነበር፣ የአዲሱ ቅጥር አስተያየት ድፍረት የተሞላበት ነበር። አለቆቹ አላባረሩትም፤ ሞዴሉን በመኪናው ጭኖ ወደ ሚሺጋን እንዲሄድና ችግሩን ራሱ እንዲፈታ ላኩት። ከ72 የነፋስ ዋሻ ሙከራዎች በኋላ መንታ ጅራት መፍትሔ ሆኖ ተገኘ። ጆንሰንም ከመሣሪያ ነዳፊነት ወደ ሙሉ መሐንዲስነት ተሸጋገረ።

በ1938 የእንግሊዝ መንግሥት የጦር አውሮፕላን ፍለጋ ላይ ሳለ፣ ጆንሰን ለንደን በሚገኝ ሆቴል ክፍል ውስጥ ለሦስት ቀናት ያህል እረፍት ሳያደርግ ሠርቶ፣ ኩባንያው ቀድሞ የሚያመርተውን የመንገደኞች አውሮፕላን ወደ ባሕር ጠባቂ ቦምብ ጣይነት የሚለውጥ ንድፍ አዘጋጀ። ሃድሰን የተባለው አውሮፕላን የተገኘው በዚህ መንገድ ነው፤ የመጀመሪያው ትእዛዝም 200 ነበር። በ1943 ደግሞ የአሜሪካ ጦር በአስቸኳይ ጄት ተዋጊ ሲጠይቅ፣ ጆንሰን ጥቂት መሐንዲሶችና ሠራተኞች መርጦ ከነፋስ ዋሻው አጠገብ ጊዜያዊ አውደ ጥናት አቆመ። ግድግዳው የሞተር ማሸጊያ በነበሩ የእንጨት ሣጥኖች ተሠራ፤ ጣሪያው በኪራይ የተገኘ የሰርከስ ድንኳን ነበር። ፒ-80 የተባለው አውሮፕላን በ143 ቀናት ውስጥ ተሠርቶ ተጠናቀቀ፤ ጃንዋሪ 8 ቀን 1944 ም በእንግሊዝ ሠራሽ ሞተር በረረ። ስከንክ ወርክስ በሚል ስም የታወቀው ቡድን መነሻ ይህ ድንኳን ነው።

እነዚህ ታሪኮች አንድ ጠባይ ያሳያሉ። ጆንሰን አዲስ ነገር መፍጠር ግድ በሚሆንበት ቦታ ይፈጥር ነበር፤ ግድ በማይሆንበት ቦታ ግን በእጅ ያለውን ይወስድ ነበር። መሥራትን ብቻ ሳይሆን ማቆምንም ያውቅ ነበር። ከ1956 ጀምሮ ቡድኑ በፈሳሽ ሃይድሮጅን የሚበር የስለላ አውሮፕላን ሲነድፍ ቆይቶ፣ አውሮፕላኑ በቂ ርቀት መጓዝ እንደማይችል ሲረዳ ፕሮጀክቱ እንዲቋረጥ የመከረው ራሱ ጆንሰን ነው። ሃይድሮጅን በየጦር ሰፈሩ መመረት፣ ማቀዝቀዝና መጠበቅ ነበረበት። አየር ላይ ያለው ጥቅም መሬት ላይ የሚጠይቀው ዋጋ ከልክ ሲያልፍ ማየት ይችል ነበር ማለት ነው።

የማስነሳት ችግር

የፒስተን ሞተር ባለው መኪና ሞተሪኖው ለጥቂት ሰከንዶች ካዞረ በኋላ ሞተሩ ራሱን ይችላል። የጄት ሞተር ግን ነዳጁ ከመቀጣጠሉ በፊት ኮምፕረሰሩ በቂ አየር ጨምቆ ማቅረብ አለበት፤ ኮምፕረሰሩን የሚያዞረው ተርባይን ደግሞ የሚሠራው እሳት ከተገኘ በኋላ ነው። ይህን ቀለበት ለመክፈት ከውጭ የሚመጣ ጉልበት ያስፈልጋል። ዘዴው ከዘመን ዘመን ተለዋውጧል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ሜሰርሽሚት 262 ጄት ተዋጊ በየሞተሩ አፍንጫ ውስጥ ሪዴል የተባለ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ወደ 10 የፈረስ ጉልበት ያለው ትንሽ የቤንዚን ሞተር ይዞ ነበር፤ ይህም በገመድ ተስቦ ሊነሳ ይችል ነበር። ከዚያ በኋላ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ እንደ ጥይት የሚተኮስ የባሩድ ካርትሪጅና የታመቀ አየር በተለያዩ አውሮፕላኖች ላይ ሥራ ላይ ውለዋል።

ለኤስአር-71 እና ለቀዳሚው ኤ-12 የተመረጠው የፕራት ኤንድ ዊትኒ ጄ58 ሞተር ችግሩን አባባሰው። ሞተሩ ትልቅ ነው፤ ከተርባይኑ ኋላ ተጨማሪ ነዳጅ የሚያቃጥለው አፍተርበርነር ሲሠራ ከ14,000 ኪሎ ግራም በላይ ግፊት ይሰጣል። ራሱን ችሎ እስኪሄድ ድረስ በደቂቃ ወደ 3,200 ዙር ገደማ መሽከርከር ነበረበት። ይህን የሚያህል አካል የሚያዞር ማስነሻ በአውሮፕላኑ ውስጥ ቢቀመጥ፣ ከጥቂት ደቂቃ ሥራ በኋላ በረራው እስኪያበቃ የሚጫን ብረት ይሆናል። በድምፅ ሦስት እጥፍ ፍጥነት ሲበር የአውሮፕላኑ ቆዳ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሚግል፣ የሚጨመረው ዕቃ ሁሉ ሙቀትንም መቋቋም አለበት።

ነዳጁም ልዩ ነበር። ጄፒ-7 የተባለው ነዳጅ በበረራው ሙቀት ሳይታሰብ እንዳይቀጣጠል ታስቦ የተዘጋጀ በመሆኑ፣ የተለኮሰ ክብሪት ቢጣልበት እንኳ አይነድም። ስለዚህ መሬት ላይ ለመለኮስ ትራይኤቲልቦሬን የተባለ፣ አየር እንደነካው በራሱ የሚቀጣጠል ኬሚካል አስፈለገ። አውሮፕላኑ ለእያንዳንዱ ሞተር ቢያንስ 16 ጊዜ የሚበቃ መጠን ይይዝ ነበር፤ ሞተር ሲነሳ አንድ፣ አፍተርበርነር በተለኮሰ ቁጥርም አንድ ይወጣል። አረንጓዴው ብልጭታ የኬሚካሉ ምልክት ነበር።

ጆንሰን በዚህ ዘመን የነበረበትን ጫና ለመረዳት የአውሮፕላኑን አካል ማሰብ ይበቃል። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ታይታኒየም ነበር፤ ብረቱን የሚቆርጡና የሚበሱ መሣሪያዎች፣ ቅባቱ፣ ማሸጊያው፣ ጎማው ሁሉ እንደ አዲስ መታሰብ ነበረባቸው። ካድሚየም የተቀባ መፍቻ ብሎኖችን እንደሚያበላሽ፣ በበጋ ክሎሪን የበዛበት የከተማ ውኃም የታጠበውን የታይታኒየም ብየዳ እንደሚያዳክም ሠራተኞቹ የተማሩት በኪሳራ ነው። ጆንሰን በፕሮጀክቱ ውስጥ አንድ ቀላል ሥራ ለሚያገኝለት ሰው የገንዘብ ሽልማት አቅርቦ ነበር ይባላል፤ ሽልማቱን የወሰደ ግን አልተገኘም።

ጋሪው

ሁሉ ነገር እንደ አዲስ በሚፈጠርበት በዚህ ሥራ ውስጥ፣ ኤጂ330 የተባለው የማስነሻ ጋሪ ከገበያ የተገኘ ሞተር ይዞ መጣ። ሁለት የቢዊክ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተሮች ጎን ለጎን ተቀምጠው ጉልበታቸው በማርሽ ተጣምሮ ወደ አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ ይሄዳል፤ ዘንጉ ከጄት ሞተሩ ሥር ገብቶ ከማዞሪያው ማርሽ ጋር ይገናኛል። የሁለቱ ድምር ጉልበት ከ600 የፈረስ ጉልበት በላይ ነበር። ጭሱ ያለ ማርሚታ በቀጥታ ስለሚወጣ፣ የአውሮፕላን ማረፊያው የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ እስኪመስል ድረስ ይናወጥ ነበር። የጋሪው ሞተሮች ሙሉ ኃይላቸውን ሲሰጡ ጄ58 ቀስ በቀስ መሽከርከር ይጀምራል፤ አብራሪው የነዳጁን እጀታ ሲገፋ አረንጓዴው እሳት ብልጭ ይላል፤ ሞተሩ ራሱን ሲችል ጋሪው ይለቅቃል። ከዚያ የሁለተኛው ሞተር ተራ ይሆናል።

የቢዊክ ሞተር ለዚህ ሥራ የተመቸበት ምክንያት ከአሠራሩ ይመነጫል። ከ1953 እስከ 1966 የተመረተው ይህ የሞተር ቤተሰብ፣ ቫልቮቹ ትንንሽና ቀጥ ብለው የቆሙ በመሆናቸው በመካኒኮች ዘንድ የምስማር ራስ የሚል ቅጽል ወጥቶለታል። ትንንሽ ቫልቭ በከፍተኛ ዙር ትንፋሽ ያሳጥራል፤ በዝቅተኛና በመካከለኛ ዙር ግን ጠንካራ የማዞር ጉልበት፣ ማለትም ቶርክ ይሰጣል። ኩባንያው ራሱ የሚኮራው በዚህ ነበር፤ ባለ 6.6 ሊትሩ ሞተር የአየር ማጣሪያ ላይ የተጻፈው ዋይልድካት 445 የሚል ስያሜ የፈረስ ጉልበቱን አይነግርም፤ ቁጥሩ በአሜሪካውያን መለኪያ የቶርኩ መጠን ነው። ከባድ መኪናን ከቆመበት ለማስነሳት የተፈለገው ጠባይ፣ ከባድ የጄት ሞተርን ከቆመበት ለማዞር ከሚፈለገው ጋር ይገጥማል።

ከዚህ በላይ ትኩረት የሚሻው በኋላ የሆነው ነው። የቢዊኩ ሞተር ማምረት በ1966 ካቆመ በኋላ፣ ኋላ የመጡት ጋሪዎች ባለ 7.4 ሊትር የሼቭሮሌ ሞተር ተገጠመላቸው። ለዚህ ሲባል አውሮፕላኑን እንደገና መንደፍ አላስፈለገም። በጋሪውና በአውሮፕላኑ መካከል ያለው ግንኙነት አንድ ዘንግ ብቻ ስለነበር፣ ከዘንጉ በታች ያለው ሁሉ ሊለወጥ ይችል ነበር። በቋሚ የጦር ሰፈሮችም ዘግይቶ የታመቀ አየር የጋሪውን ቦታ ወስዷል። ንድፍን የሚያጠና ተመራማሪ እዚህ ላይ ሊያስተውል የሚገባው፣ ቶሎ የሚያረጀውን ክፍል ከማያረጀው የመለየትን ጥቅም ነው።

የተዛወረው ሸክም

ይህ ሁሉ ግን ያለ ዋጋ አልመጣም። ማስነሻውን መሬት ላይ የተወ አውሮፕላን፣ ጋሪው በሌለበት ማረፊያ ቢያርፍ እዚያው ይቀራል። ነዳጁ ልዩ ስለሆነ ለዚሁ የተዘጋጁ ኬሲ-135 ኪው የተባሉ የአየር ላይ ነዳጅ አቅራቢዎች አብረውት መንቀሳቀስ ነበረባቸው። ከካሊፎርኒያው ቢል ሰፈር ሌላ፣ በጃፓን ካዴና እና በእንግሊዝ ሚልደንሆል ለኤስአር-71 የተለየ የመሬት አገልግሎት ተዘርግቶ ነበር። አየር ላይ ሲታይ ብቸኛ የሚመስለው አውሮፕላን፣ መሬት ላይ ረጅም ጭራ ይጎትት ነበር። አየር ኃይሉ በ1990 ከአገልግሎት ሲያስወጣው በምክንያትነት ከቀረቡት አንዱ ይህን ሁሉ የመሸከሙ ወጪ ነው።

ተመሳሳይ ጥያቄ በሌላው የጆንሰን ሥራ ላይም ይነሳል። ኤፍ-104 የተባለው ተዋጊ ቀላልና ፈጣን እንዲሆን ታስቦ በአጭር ክንፍ የተሠራ ነው፤ ጆንሰንም በ1958 ኮሊየር የተባለውን ታላቅ የአቪየሽን ሽልማት የተጋራው በእሱ ምክንያት ነበር። ይህ አውሮፕላን በምዕራብ ጀርመን አየር ኃይል እጅ ከመጀመሪያ ዓላማው ውጭ ተጨማሪ ዕቃና ተልእኮ ተጭኖበት ሲሠራ ከ100 በላይ አብራሪዎች በአደጋ ሞተዋል። ከንድፉ የተቀነሰው ሸክም ያን ጊዜ ያረፈው በሰው ላይ ነው። ጋሪ መሬት ላይ ሸክም ቢበዛበት ዘይቱ ይፈስሳል፤ አብራሪ ግን ሕይወቱን ይከፍላል። ሸክም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለምና፣ የነዳፊ ኃላፊነት የሚለካውም በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ፍጻሜ

ጆንሰን በ1964 ኤ-12ን ላስገኘው ሥራ ለሁለተኛ ጊዜ የኮሊየር ሽልማትን፣ በዚያው ዓመትም የፕሬዚዳንቱን የነፃነት ሜዳይ ተቀበለ። በ1975 በጡረታ ሲገለል የስከንክ ወርክስን አመራር ለረዳቱ ለቤን ሪች አስረከበ። ትእዛዙን ያሳጠረ፣ ስብሰባን የሚጠላ፣ ወረቀት የሚያበዛን የሚገሥጽ አለቃ እንደነበር ይነገርለታል። ለቡድኑ ያወጣቸው 14 ደንቦችም የሰው ቁጥርን፣ የሪፖርት ብዛትንና የንድፍ ለውጥ ሂደትን አጥብቀው የሚገድቡ ነበሩ። ዲሴምበር 21 ቀን 1990 በ80 ዓመቱ በርባንክ ውስጥ አረፈ። ያ ዓመት ኤስአር-71 ከአየር ኃይሉ አገልግሎት የወጣበት ዓመት ነው፤ አውሮፕላኑ በኋላ ለጥቂት ዓመታት ተመልሶ ቢበርም ነዳፊው አላየውም።

ዛሬ ኤስአር-71 በየቤተ መዘክሩ ጣሪያ ሥር ቆሞ ጎብኚ ይሰበስባል። በአንዳንዶቹ ጥግ የማስነሻ ጋሪው አብሮ ይታያል፤ ብዙ ሰው ግን ሳያስተውለው ያልፋል። የቴክኖሎጂ ታሪክም እንደ ጎብኚው ዓይኑን ወደሚያብረቀርቀው ማዘንበል ይቀናዋል። የአውሮፕላንን፣ የሆስፒታል መሣሪያን ወይም የእርሻ ማሽንን ታሪክ የሚያጠና ተመራማሪ ግን ከመሣሪያው ጋር ጋሪውን ፈልጎ ማግኘት አለበት፤ ምን ያስነሳዋል? ማን ይጠግነዋል? ነዳጁና መለዋወጫው ከየት ይመጣል? የሚለውን ሳይጠይቅ ስለ ንድፉ የተሟላ ፍርድ መስጠት አይችልም። ማሽን ገዝቶ ለሚያስገባ አገር ይህ ጥያቄ ከምርምር ርእስነት ያለፈ ነው፤ በየግቢው ሣር የበቀለባቸው ብዙ ማሽኖች የቆሙት ራሳቸው ተበላሽተው ሳይሆን የሚያስነሳቸው በመጥፋቱ ነውና።